ያልመጣ ሰው አይመታም

«ጎርም በሩ ላይ ይቁም» አለ ኩርት፤ አውራ ጣት የምታህለውን የቆርቆሮ ፈረሰኛ በጣቱ እየገፋ፣ ወረቀት ላይ ወደሣልኩት ዋሻ አፍ አደረሳት። ከዚያ እሱና ግሬቸን የየራሳቸውን ተዋጊ ከጎርም ጀርባ አስጠግተው ቢራቸውን አነሡ።

የዚህ ጨዋታ አጫዋች እኔ ነኝ። ዋሻውን የምሥለው፣ ጭራቆቹን የማዋጋው፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር ጥዬ ማን እንደተመታ የምናገረው እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ በሩ ላይ ደርሶ ተገተረ። ጎርምን መምታት አይችልም። ጎርም የጓደኛችን የዱዌን ተዋጊ ነው፤ ዱዌን ደግሞ ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ።

ደንቡ የጨዋታችን ሕግ በሰፈረበት አረንጓዴ ደብተር፣ አራተኛው ገጽ ላይ ነው። የጻፈውም ራሱ ዱዌን ነው። ያኔ ወጣቶች ሆነን ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ የእሑድ ተረኛ ነበር። አንድ እሑድ እሱ ሥራ ላይ እያለ እኛ ስንጫወት ተዋጊውን ገደልኩበትና ሦስት ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። በአራተኛው መጥቶ ደብተሩን ከእጄ ነጠቀና «ያልመጣ ሰው አይመታም» ብሎ ጻፈ። አርባ ዓመት ተጫወትንበት፤ ማንንም አልጎዳም።

ከቀብሩ በኋላ ግን ጎርምን ከጠረጴዛው ላይ ለማንሣት የማናችንም እጅ አልታዘዝ አለ። «ዛሬ አልመጣም» እያልን ቀጠልን። አንድ ቀን ኩርት ጭራቅ እንዳያልፍ በር ላይ አቆመውና ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድም ሰው አልቆሰለም። የሳቀም የለም።

«ዛሬ ደንብ እለውጣለሁ» አልኩ። «ከአሁን በኋላ ጥሩር ይደክማል። አንድ ምት በመለሰ ቁጥር መከላከያው በአንድ ይቀንሳል። የመጣም ያልመጣም እኩል።»

«ምን ነካህ ሮጀር? የሱን ጽሑፍ ልትሰርዝ ነው?» አለ ኩርት።

«ጨዋታው ሚዛኑን ስቷል! የማትመቱ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ቤቴ ሄጄ በረዶዬን ብጠርግ አይሻለኝም?»

«ጥረጋ! ማን ያዘህ!»

ግሬቸን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ስትቆጣም ድምፅዋን አታነሣም። «ሮጀር» አለችኝ፣ «ልትገድለው ነው የፈለግከው?»

ሚዛን ያልኩት ውሸቴን ነበር። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። በየእሑዱ ያች ቆርቆሮ በሩን ዘግታ ታፈጥብኛለች። ዱዌን ሲመታ የሚጮህ፣ ሲስት የሚሳደብ ሰው ነበር፤ ይሄኛው አይጮህ፣ አይሳደብ፣ አይሄድ። ጓደኛዬን በወጉ እንዳላለቅስለት በር ላይ ገትረውብኛል።

ደረጃው ተንቋቋ። ሁላችንም ቀና አልን። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ያ ደረጃ በተንቋቋ ቁጥር ቀና እንላለን። የወረደችው ማርላ ነበረች፣ የዱዌን ሚስት፤ የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ። ማጠቢያ ማሽኑ ያለው እኛው በምንጫወትበት በቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ነው።

«ማንን ነው የምትገድሉት?» አለች።

ሁላችንም ወረቀቱ ላይ አቀረቀርን።

«ዝም አትበሉኛ። ላይ ሆኜ እኮ ሁሉን እሰማለሁ።»

«ደንቡ ነው ማርላ» አለ ኩርት ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ያልመጣ ሰው...»

«ደንቡን ለኔ ትነግረኛለህ? ያን የሦስት ሳምንት ኩርፊያ የቻልኩት እኔ!» ቅርጫቱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። «ድሮ እሑድ ሲሆን ጩኸታችሁ ቤቱን ያናውጠው ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ጆሮዬን ብለጥፍ እንኳ ትንፋሻችሁ አይሰማም።»

የዱዌንን ወንበር ሳበች። ኮት እንኳ የማናኖርበት ወንበር ነው። ተቀመጠችና የጎርም ነጥብ የሚጻፍበትን ወረቀት ወደ ራሷ አዞረችው።

«ይኸው በሱ ቦታ መጣሁ። አሁን ይመታል አይደል?»

«ይመታል» አልኩ።

«እንግዲያው ጣላ።»

ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ አነሣሁ። ጎርምን ለመምታት አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ መውጣት አለበት። አጫዋች ዳይሱን የሚጥለው ከፊቱ ካቆመው ካርቶን ጀርባ ነው፤ የወጣውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ምንም ይውጣ ምን፣ ስድስት ወጣ ልላት ወስኜ ነበር።

«ከካርቶኑ ወዲህ ጣለው» አለች። «እኔ እያየሁ።»

ጣልኩት። ዳይሱ ተንከባሎ የኩርትን ጠርሙስ ገጨና ቆመ። አሥራ ዘጠኝ።

«ወይኔ!» ብሎ ኩርት ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። የጮኸው ሳያስበው ነው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ስንት ተጎዳ?» አለች ማርላ።

ትንንሾቹን ዳይሶች ጣልኩና ደመርኩ። «ዘጠኝ።»

ወረቀቱ ላይ የቀረለት የሕይወት ነጥብ «52» ይላል። የዱዌን የእርሳስ ጽሑፍ ነው፤ ሁለቷን እንደ ልማዱ ጅራቷን አስረዝሟታል። በጨዋታችን የተመታ ሰው የድሮውን ቁጥር አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል። ማርላ ጥቂት አየችውና የእርሳሱን ላጲስ አዙራ ማጥፋት ጀመረች፤ መጀመሪያ አምስቷን፣ ከዚያ ጅራታሟን ሁለት። በቦታው በራሷ ክብ ክብ ጽሑፍ «43» ብላ ጻፈች።

እኛ የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብለን ነው የምንበትነው። እሷ እፍ አላለችም። በመዳፏ ጠርዝ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሰብስባ፣ አንዲት ሳታስቀር እጇ ላይ አራገፈችውና ጨበጠችው።

«ተራው የማን ነው?» አለች፣ ጭብጧን ሳትከፍት።