የእትዬ አበበች አምፖል

ልዑልሰገድ የእንጨት ምድጃውን ትቶ ዳቦ በኤሌክትሪክ ሊጋግር ቆርጧል። አዳማ ላይ የእንጨት ዋጋ እሳት ሆኗል። መስመሩንና ቆጣሪውን ማሳደግ ምን ያህል እንደሚያስወጣው እንዲገምትለት የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ማናሴን ጠራው።

ማናሴ ደጋግሞ ካልለካ የማያምን ወጣት ነው። በመጀመሪያ ዳቦ ቤቱ አሁን የሚስበውን ኃይል ለካ። ከጠበቀው ስላነሰበት መሣሪያውን ጠርጥሮ ደገመው።

ከሊጥ ማቡኪያው ማሽን ጀርባ በልስን የተሸፈነ ሽቦ አገኘ። ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ ጎረቤት፣ ወደ እትዬ አበበች ቤት ያልፋል።

ልዑልሰገድ ሽቦውን አየ። “ተወው ባክህ” አለው። “ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ለነፍሴ ይሁን።”

ማናሴ ግን ያላወቀውን የኤሌክትሪክ ጭነት ትቶ መገመት አልሆነለትም። እትዬ አበበች ዘንድ ሄደ። የመብራት ካርድ ቢሞሉ ቢሞሉ እንደማይበረክትላቸው እያማረሩ ሳለ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ማሽን ተነሳ፤ ያለቻቸው አንዲት አምፖል ደከመች። ተመልሶ የዳቦ ቤቱን መብራት አየ፤ ፍንክች አላለም። የሳቸው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ነው ሲል ለራሱ አስረዳ።

እትዬ አበበች መብራት ይሰርቃሉ የሚለው ወሬ ከጋጋሪዎቹ አምልጦ እድሩ ዘንድ ደረሰ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ባለሙያውን ጠየቁት።

“የሁለቱ ቤት መስመር አንድ ነው” አለ ማናሴ።

ዳኛው እትዬ አበበችን ይማሉና ይገላገሉ አሏቸው።

“ለመብራት ብዬ የፈጣሪን ስም አልጠራም። እውነቱን እሱ ያውቃል።”

“ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?” አለ ከኋላ አንዱ። አንዳንዶች ሳቁ። ልዑልሰገድ ተነስቶ፣ እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ አለ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁት።

እትዬ አበበች ወደ ማናሴ ዞሩ። “ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ደኅና አድርገህ አየኸው?”

“ደጋግሜ ነው ያየሁት፣ እትዬ።”

በማግስቱ ቤታቸውን ቆልፈው ዓለም ጤና ከተማ ያለ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሄዱ። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ዓይኔን ቀና አድርጌ አልሄድም ብለዋል አሉ። መብራታቸውን እንኳ አላጠፉም።

ልዑልሰገድ ሶደሬ ሊታጠብ በሄደበት ቀን ማናሴ ሽቦውን ሊቆርጥ መጣ። ጋጋሪዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ይቅርታ ጠይቆ፣ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የዳቦ ቤቱን ዋና ማጥፊያ አወረደ።

ዳቦ ቤቱ ጨለመ። በጓሮው መስኮት የእትዬ አበበች አምፖል እንደደከመች በርታለች፤ ማቡኪያውም በጨለማው ሳይቆም ሊጡን እያሸ ነው።