ከሕይወት ታሪኩ የቀረው ስም

ሲስተር ወለተሐና ለቀብሯ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ራሷ ጽፋ ነው የሞተችው። ሁለት ገጽ ነው፤ በእጅ ተጽፎ በፖስታ ታሽጓል። ፖስታው ላይ «ማኅደረማርያም ያንብበው፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው» ይላል።

ይህ ማንንም አላስደነቀም። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ስታናግር የኖረች የንግግር ሐኪም ናት። አፉን ያልፈታ ሕፃን፣ ስትሮክ አንደበቱን የያዘው ሽማግሌ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፏል። ነርስነቱን ትታ ወደዚህ ሙያ የዞረችው በልጇ ምክንያት ነው። ማኅደረማርያም በልጅነቱ ክፉኛ ይንተባተብ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ዳነ ተባለ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ዝምተኛ ነው እንጂ ሲናገር እንከን አይወጣለትም።

ነገሩ የተበላሸው ፖስታው ሲከፈት ነው። ማኅደረማርያም አንብቦ ጨረሰና ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኅቱ ቅድስት ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አነበበች። አክስታቸው፣ የአባታቸው እኅት ፍቅርተማርያምም ማንም ሳይጋብዛት ከቅድስት ጀርባ ቆማ አነበበች።

ሁሉም ሰው አለ። ሟቹ አባታቸው ቴዎፍሎስ አለ። ቅድስት አለች። ጎረቤቷ ለተጊዮርጊስ አለች። ሦስት ታካሚዎች በስማቸው ተጠርተዋል። ለሥራ ወደ ገጠር ስትወጣ በነፃ ያመላልሳት የነበረው የጫጫው ሹፌር ወልደኪዳን እንኳ አልቀረም። ማኅደረማርያም ብቻ የለም። በእሱ ቦታ ያለው «ቅድስትንና ይህን የሚያነብላችሁን ሰው አሳደግሁ» የሚል ነው።

ፍቅርተማርያም ቅድስትን ጎትታ ጓዳ አስገባቻት።

«አየሽ? ‹ይህን የሚያነብላችሁን ሰው›። ልጄ ለማለት እጇ አልታዘዘላትም።»

«እትዬ፣ ተይ።»

«ምኑን ልተወው? እሱ ተወለደ በተባለበት ዓመት አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ነበረች። ከእኛ ውስጥ እርጉዝ ሆና ያያት የለም። ሕፃን ታቅፋ መጣች፣ ወለድኩ አለች፣ እኛም እልል አልን። አሁን ውሸት ተሸክማ ፈጣሪዋ ፊት መቆም አልፈለገችም። በሕዝብ ፊት፣ በራሱ አፍ፣ ከእሷ አለመወለዱን ልታስነግረው ነው።»

ቅድስት ክው አለች። ወንድሟ ከቤቱ ሰው ማንንም አይመስልም ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅበት ነበር፤ አሁን ግን እውነት መሰላት። ወንድሟን ትወደዋለች። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ሲዋረድ ቆማ ማየት አትችልም።

መስኮቱ ጋ ሄደች።

«ማኅደር፣ ስምህን እኔ ልጨምርበት? አንድ ቃል ናት። ማንም አያውቅም።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው እኔ ላንብበው።»

«እንደጻፈችው አነበዋለሁ።»

ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እናትህ እኮ ናት» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ወደ ትውልድ አገሯ ወደ አንኮበር ተጓዙ። የከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ ሚኒባሱን አስቁሞ የተሳፋሪ ስም መመዝገብ ጀመረ። ሁሉም ስሙን እየተናገረ አለፈ። ማኅደረማርያም መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠው። ፍቅርተማርያም ቅድስትን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

«እሷ ያወጣችለትን ስም መጥራት አስጠላው» አለች በሹክሹክታ። ቅድስት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። መንገዱን ጉም ውጦታል፣ የሚታይ ነገር የለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሲደርሱ የአገሩ ሰው ግጥም ብሎ ይጠብቃል። አስከሬኑ አረፈ። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ጻድቅ ሕዝቡን ዝም አሰኙና ማይክራፎኑን ለማኅደረማርያም ሰጡት። ላቡ በብርድ አገር ከግንባሩ ይወርዳል። ቅድስት ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘች።

አነበበ። ከአንኮበር ጀመረ፣ ትምህርቷን፣ ትዳሯን፣ ታካሚዎቿን አነበበ። ወደዚያች መስመር ሲቃረብ ቅድስት ዓይኗን ጨፈነች። «ቅድስትንና ይህን የሚያነብላችሁን ሰው አሳደግሁ» አለ፤ ድምፁ ሳይሰበር፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ዲያቆን አጥርቶ። ከኋላ የሆነ ሰው «ማንን ነው የምትለው?» ብሎ አጉረመረመ። ማኅደረማርያም ቀጠለ። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ሳልጠራው የተውኩት ስም ካለ ይቅር በሉኝ፤ አውቄ ነው።»

«ሰማሽ?» አለች ፍቅርተማርያም።

ቅድስት ሰምታለች። እንባዋ ወረደ። እናቷን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ሬሳዋ ፊት፣ ጠላቻት።

አቶ ገብረ ጻድቅ ወደ ማኅደረማርያም ጠጋ አሉ።

«ተባረክ፣ አንጀታችንን አራስከው። እኛ እዚህ ያለነው ወለተሐናን እንጂ ቤተሰቧን አናውቅም። አንተ ምኗ ነህ?»

«ልጇ ነኝ» አለ ማኅደረማርያም፣ ሳያመነታ።

ፍቅርተማርያም ጉሮሮዋን ጠረገች። ጥቂት ሰዎች ዞረው አዩአት።

«እግዜር ያጽናህ። እስቲ ሕዝቡ ይወቅህ፣ ስምህን ተናገር» አሉና ማይክራፎኑን መልሰው አፉ ጋ ያዙለት።

ማኅደረማርያም ከንፈሩን ገጠመ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ዓይኑ ተጨፈነ፣ እግሩ መሬቱን ደጋግሞ መታ፤ ስሙ ግን አልወጣም። እናቱ ያቺን አንድ ቃል ለምን እንዳልጻፈችለት ቅድስት ያኔ ገባት።