ሻምበል የቀመሰው ማር

ሻምበልን ግድግዳው ላይ ላወጣው ብል ተንሸራቶ ጠብ ይላል። እንሽላሊት ከግድግዳ ሲወድቅ ማን አይቶ ያውቃል? ዓይኑን ነጭ ነገር ጋርዶታል፤ ጅራቱ ከስቷል፤ ያቀረብኩለትን ዝንብ ዞር ብሎም አያይ።

«ባንቺአየሁ! ነይ ወዲህ! ምን አበላሽው?»

ባንቺአየሁ ሚስቴ ናት፤ ከዛሪማ ካመጣኋት ገና ነው። ሸጋ ሴት ናት፣ እጇም ይጣፍጣል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የፊተኛው ባሏ ማታ በልቶ ተኛ፣ ጠዋት አልተነሳም። ዘመዶቿ በሽታ ነው ይላሉ። ታዲያ ምን ሊሉ ኖሯል?

ጠላ ስትቀዳልኝ እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ግን ማርከሻውን አስቀድማ ጠጥታ ቢሆንስ? ከናቷ ቤት ያመጣችውን ማርማ እንዴት አምኜ ልብላ! ስለዚህ ከእንስራው ጀርባ የኖረውን ወዳጄን ሻምበልን ያዝኩና ጣልያን ጥሎት በሄደው የብስኩት ቆርቆሮ ዘጋሁበት። ጠዋት ጠዋት ከማሩ ክዳኑ ላይ ጠብ አደርግለታለሁ፤ እሱ ልሶ ደህና ከዋለ እኔ ማታ እበላለሁ። ይኸው ታመመ። ጉድ ፈላ! ዛሬውኑ ማኪና አሳፍሬ ወዳገሯ ነው የምሰዳት። ሁለተኛ ባል ልትገድል ነበር ተብላ ከተመለሰች የሚያገባት የለም፤ እኔ ምን ቸገረኝ!

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣና ሻምበልን አንስታ መዳፏ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ሻምበልን አትንኪው!» ክንዷን እይዛለሁ።

«ምነው አያ በላቸው? ይልቀቁኝማ።» እግሩን ገልብጣ ታሳየኛለች። «ይዩ ጣቱን። ቆዳውን ሲቀይር ደርቆ ጠፍሮታል፤ ዓይኑንም ሸፍኖታል። እኛ አገር ቤቱ ሁሉ እንሽላሊት ነው፤ ድርቀት ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል። እንስራው ጋ እርጥበት ነበረለት። ከዚህ ቆርቆሮ ማን ከተተው?»

እጄን ከክንዷ አነሳለሁ።

ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ትሸፍነዋለች፤ ቆይታ በጥፍሯ ጫፍ ትልጠው ጀመር። ከጥፍሯ ሥር የደበቀችው ነገር እንዳለ ብዬ ዓይኔን አልነቅልም። ምንም የለ። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከጣቱ ይወርዳል፤ ከዓይኑም ይነሳል። ሻምበል ምላሱን ያወጣና ዓይኑን ይልሳል። ግድግዳው ላይ ስታኖረው ቆንጥጦ ይወጣል።

«እሰይ!» አልኩ ሳላስበው።

እሷ ቆርቆሮውን ልታጥብ ታነሳለች። ክዳኑ ላይ የደረቀውን ነገር ታሸተዋለች። የማሩን ማሰሮ ታያለች፤ እኔን ታያለች።

«ለካ ለዚህ ነው ማሬን ማታ ማታ ብቻ የሚበሉት።»

ብትጮህ በተሻለኝ። ብትሰድበኝም እችለው ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን አለ! ጓዟን ሸክፋ ስትወጣ ታየኝ። ዛሬ ልሰዳት ያልኩት እኔው፣ አሁን እንዳትሄድብኝ ፈራሁ።

ዳቦ ቆርሼ ማር አጠቅሳለሁ፤ አፏ ድረስ አደርሰዋለሁ።

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ጉርሻውን ታየዋለች። ማሩ በጣቶቼ መሃል እየወረደ ክንዴ ይደርሳል። አፏን አትከፍትም።

«መጀመሪያ ሻምበል ይቅመሰው» ትለኛለች።