የወንድሙ ተራ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ሥራ ነጠፈ፤ ሳል በየቤቱ ገባ፤ ኮምፒውተር ጠጋኙም ታናሽ ወንድሙን ቀበረ።

ወንድማማቾቹ በሱቃቸው ኮምፒውተር፣ በየራሳቸው ማውስ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ታናሽየው ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ «ተራው የኔ ነው፤ ዕዳ አለብኝ፣ ተመልሼ እጫወታለሁ። እንዳትዘጋው!» ብሎ ነበር። ጠጋኙም አልዘጋውም።

አንድ ቀን የሟቹ ሚስት መጣች።

«ጋሼ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እሱ ቢነሳም አያሸንፍዎትም። ይዝጉትና ይረፉ።»

«እሺ እቴ፣ ዛሬ እዘጋዋለሁ።»

አስቀድሞ ግን የወንድሙን ማውስ ፈታ። የደንበኛ ማውስ ቺፕ ተቃጥሎበት መለዋወጫ አጥቶ ነበር። ትንሿን ቺፕ በመበየጃ ነቅሎ በሴትየዋ መዳፍ ላይ አኖረላት።

«የእጅን እንቅስቃሴ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው እሷ ናት። ያለ እሷ ማውስ ዲዳ ነው፤ ቢገፉትም አይናገር።»

የማውሱን ገመድ ከኮምፒውተሩ መንቀል ግን ረስቶ ነበር። ቀፎው ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው፤ እሱንም ሆነ የጠጋኙን ማውስ የነካ የለም።

ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ተንቀሳቀሰች። እንደ ታናሽየው ልማድ ጠጠሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ከዚያ አንስታ ወደፊት አስቀመጠችው።

ሴትየዋ መዳፏን ጨበጠች። ቺፗ እዚያው ነበረች።

የከረመው ዕዳ ተከፈለ። ከዳማው ሥርም ጽሑፍ ወጣ፦ «ተራው የእርስዎ ነው።»