የኮሎኔሉ ጆሮ

«ሽሮው ቀርቧል፤ ተቀበል!» ስትል ውድነሽ ቀጥ ብላ ቆማ አወጀች። የመገናኛ ክፍል ሊመራ የሚሠለጥን መኮንን ጆሮው ውስጥ የሚቀበርለት መሣሪያ፣ «ተቀበል» ያልተባለበትን ንግግር አያሳልፍም። ባሏ የመቶ አለቃ ይርዳው ትናንት ተመርቋል፤ ዛሬ አሠልጣኙ ኮሎኔል ደግፌ ምሳ ተጋብዘዋል።

«ትለምደዋለህ፤ እኔም ጆሮዬ ውስጥ ከተቀበረልኝ ይኸው ስንት ዘመኔ! ተቀበል» አሉ ኮሎኔሉ እየጎረሱ።

«ልጄ አፏን ስትፈታ እንዳያመልጠኝ ነው የምፈራው፤ ተቀበል» አለ ይርዳው።

«ወታደር ለአንድ ቃል ይንሰፈሰፋል እንዴ? ተቀበል!»

ይርዳው ጭን ላይ የተቀመጠችው ሕፃን ቀና ብላ አየችውና «አባ!» አለች።

ይርዳው እንጀራውን ከሽሮው አጠቀሰ።

«ውይ፣ አባ አለችህ እኮ!» አሉ ኮሎኔሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ይርዳው ይህንንም አልሰማም። ውድነሽ ግን «ተቀበል» ሳትል፣ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፦ «እርስዎ እንዴት ሰሙ?»

ኮሎኔሉን ትን አላቸው።