ወንበሩ ለምን ባዶ ሆነ?

የላሊበላዋ አስጎብኚ ፅናት ፊቷን በግድ ፈገግ አድርጋ ትጠብቃለች። ላፕቶፑ ውስጥ የሚታዩት ተማሪዎች አሜሪካ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ጀርመንኛ የሚማሩ ናቸው። ከወረቀት ያነበቧት ጥያቄ ስታልቅ አፋቸው ይለጎማል። የኮሌጁ ኃላፊ፣ ዲኑ፣ ከኋላቸው እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

የመጣው የጀርመንኛ ትምህርቱን ሊዘጋ ነው። መምህርታቸው ካትሪን «ጀርመንኛ የጀርመኖች ብቻ አይደለም፤ የላሊበላ አስጎብኚም ያወራዋል» ብላ ለምና ይህችን አንድ ክፍለ ጊዜ አገኘች። ልጆቹ ያለ ወረቀት ካላወሩ ትምህርቱ ይታጠፋል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ለፅናት የቀረቻት እንጀራም ከነዚህ ልጆች ጋር እየተከፈላት በጀርመንኛ ማውራቷ ናት።

«ሌላ ጥያቄ የለም?» ትላለች ካትሪን።

ልጆቹ ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ።

በረንዳው ላይ የመቋሚያና የእግር ኮቴ ይሰማል። የተቀመጠችበት የወንድሟ ሆቴል እንግዳ ካየ ሰንብቷል፤ ይህን ኮቴ ግን ታውቀዋለች። የነፍስ አባቷ አባ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው፣ ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን። ምነው ዛሬን ባይመጡ! ብትነሣ ዲኑ ጥላን ሄደች ይላል። አባን ተቀምጦ መቀበል ደግሞ ነውር ነው። ሳትወስን እግሯ ተነሥቷል።

ዝቅ ብላ መስቀል ትሳለማለች።

«ይባርክሽ ልጄ። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ይቀመጡ አባ፣ ሥራ ይዤ ነው።»

ስትመለስ ዲኑ ሰዓቱን ያያል። አለቀ፣ ትላለች በሆዷ።

«ወንበሩ ለምን ባዶ ሆነ?» ይላል ከጥግ አንዱ ልጅ። ወረቀት አልያዘም። ጀርመንኛው ይንገዳገዳል፣ ግን ጀርመንኛ ነው።

«አባቴ ገቡ። እዚህ አባት ሲገባ ሰዎች ይነሣሉ።»

«የወለዱሽ?»

«የነፍሴ።»

«ነፍስም አባት አላት?» ትላለች ሌላዋ። «ባይነሡስ?» ይላል ሦስተኛው። ይሻማሉ፣ ይሳሳታሉ፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ካትሪን አፏን በእጇ ይዛለች።

አባ ከፅናት ኋላ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ጀርመኖች ናቸው?»

«አይደሉም፣ አባ።»

«አንቺም አይደለሽም። ታዲያ ምን አገናኛችሁ?»

«ቋንቋው።»

«እንደ ግዕዛችን በይኛ» ይላሉ፤ መስቀላቸውንም ያነሣሉ። «ንገሪያቸው፣ ልባርካቸው ነው።»

ትነግራቸዋለች። ልጆቹ ይተያያሉ። ከዚያ ያ የጥጉ ልጅ ይነሣል፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሁሉም። በስክሪኑ ላይ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሆነዋል፤ ከወንበሮቹም ኋላ ዲኑ፣ ያጣጠፈውን እጁን ፈትቶ ቆሟል።