የሃምሳ ሁለት ዓመት አንገት

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አሞት፣ ጠጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ኮቱን ምክትሉን አስይዞ ሆስፒታል መጣ። ኮሪደሩን የሞሉትን አዛውንቶች ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«እነዚህ ደግሞ ምን ቀርቷቸው ነው የሚታከሙት? ቤታቸው አርፈው አይቀመጡም!»

ምክትሉ እንደ ልማዱ ሳቀ። ዓይኑን ከአለቃው ወንበር ላይ ከጣለ ግን ቆይቷል።

ሐኪሙ የራጁን ምስል ስክሪኑ ላይ ከፍቶ በአንገቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ከዚያ ወደ ካርዱ ዞረ።

«ዕድሜዎ ሃምሳ ሁለት ይላል። ልክ ነው?»

«ምነው፣ አልመስልም?»

«ለሃምሳ ሁለት ዓመት ወንድ ይሄ በጣም ጠቧል። ስልሳ ያለፈ ሰው ቢሆን ‹የዕድሜ ነው› ብዬ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ እሸኘው ነበር። በእርስዎ ዕድሜ ግን በሽታ ነው፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል።» ሐኪሙ ከካርዱ ቀና ብሎ አየው። «ለመሆኑ ስለ ዕድሜዎ እርግጠኛ ነዎት?»

ምክትሉ ጆሮውን አቆመ። ሥራ አስኪያጁ ግንባሩ ላይ ያቸፈቸፈውን ላብ ጠረገ።

«የገዛ ዕድሜዬ ይጠፋኛል እንዴ? ይልቅ መቼ ነው የምተኛው?»

ምክትሉ አልጋ ሊያስይዝ ሮጠ።

ሰውየው አንገቱን በእጁ ደግፎ ብቻውን ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ፣ ከአዛውንቶቹ መሃል አንዱ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። ባለፈው ዓመት ስልሳ ሞልቶት ጡረታ የወጣው ታናሽ ወንድሙ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አሉህ?»

«ዝም በል! እዚህ ጋሼ አትበለኝ አላልኩህም?»